ለመሰናክል ውድድር ውሻ የአካል ብቃት መርሐ ግብር አወጣጥ

የመሰናክል ውድድር ወይም አጂሊቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዙ ክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ ነው። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች አንድ ውሻ ከ15 እስከ 22 መሰናክል ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ይጨርሰዋል። በዚያች አጭር ጊዜ ይዘላል፣ በፊት እግሮቹ ያርፋል፣ በድንገት ይታጠፋል፣ በዘንጎች መካከል ይሽሎከለካል። ውሻ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ያረፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው። ከዝላይ ሲወርድ ሸክሙ ከዚህም በብዙ ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ቶሎ የሚጎዱት ትከሻ፣ የፊት እግር አንጓ፣ ጣቶች እና ከወገብ ወደ ብሽሽት የሚወርደው ጡንቻ ናቸው።

ብዙ ባለቤቶች ውሻቸውን የሚያዘጋጁት መሰናክሉን ራሱን ደጋግመው በማስሮጥ ነው። ይህ ለውሻው ችሎታ ይሰጠዋል፤ አቅም ግን አይሰጠውም። ጅማቱን ያደከመውን እንቅስቃሴ መልሰው መላልሰው ያሠሩታል፣ ስፖርቱ የማያሠራቸው ጡንቻዎች ደግሞ እንደሰነፉ ይቀራሉ። ጥሩ መርሐ ግብር ውስጥ መሰናክሉ ትንሹ ድርሻ ነው፤ ትልቁን ድርሻ ሶምሶማ፣ የጉልበት ሥራና ዕረፍት ይይዙታል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የተሠሩት የሦስት ዓመት ዕድሜ ላለው፣ 18 ኪሎ ግራም ለሚመዝንና እስከ ትከሻው ጫፍ 50 ሴ.ሜ. ለሚደርስ ጤነኛ ቦርደር ኮሊ ነው። ለሌላ ዝርያ መጠኑን ይቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይቀይሩ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚለካ

መጀመሪያ ዕድሜ። የቡችላ አጥንት የሚረዝመው ጫፉ ላይ ባለ ለስላሳ ማደጊያ ነው። ይህ ማደጊያ በትንንሽ ዝርያዎች አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይዘጋል፣ በትልልቆቹ እስከ 18 ወር ሊዘገይ ይችላል። ሳይዘጋ ደጋግሞ የሚዘል ቡችላ አጥንቱ ጠሞ ሊያድግ ይችላል። ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ውሻ 18 ወር ሳይሞላው ለመሰናክል ውድድር አያቀርብም፤ የአሜሪካው ኬነል ክለብ ደግሞ 15 ወር ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ሽቅብ ቁልቁል ያለበት መንገድ፣ ነፃ ጨዋታና መሬት ላይ የተጋደሙ ዘንጎችን መራመድ በቂ ነው።

ቀጥሎ ስብ። ጎድኑን በጣትዎ ጫፍ ይዳስሱ። የራስዎን እጅ ጨብጠው አንጓዎቹን ሲነኩ የሚሰማዎት ዓይነት ከሆነ ውሻው ከስቷል። መዳፍዎን እንደመንካት ከለሰለሰ ወፍሯል። እጅዎን ዘርግተው የመዳፍዎን ጀርባ ሲዳስሱ እንደሚሰማዎት ከሆነ ልክ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ከ1 እስከ 9 በሚሰጡት መለኪያ ለዚህ ስፖርት 4 ይመረጣል። የወፈረን ውሻ በዝላይ ለማክሳት መሞከር መገጣጠሚያውን መጉዳት ነው፤ መጀመሪያ ምግቡን ቀንሰው በእርምጃ ያክሱት።

ከዚያ ሦስት ነገሮችን ደብተር ላይ ይጻፉ። አንደኛ፣ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደነቃ የልቡን ምት። ጣትዎን በኋላ እግሩ ታፋ ውስጠኛ በኩል አስቀምጠው ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ሁለተኛ፣ የሁለቱን ታፋዎች ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር። ውሻው አራት እግሩ እኩል ቆሞ፣ ሁልጊዜም ከአንድ ቦታ ላይ ይለኩ። በአንደኛው ታፋ ላይ የአንድ ሴንቲ ሜትር መቀነስ እንኳ ችላ አይባልም፤ ውሻ የሚያመውን እግር ከመጠቀም ይቆጠባል፣ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ሦስተኛ፣ የአረማመዱ ቪዲዮ፤ ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ፣ በሶምሶማ። ከአራት ሳምንት በኋላ ጎን ለጎን ሲያዩት ዓይንዎ በየቀኑ የማያየውን ያሳይዎታል።

ጥፍሩን ያሳጥሩ። ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ረዝሟል፤ የረዘመ ጥፍር ጣቱን ወደ ላይ ይገፋና አንጓው ላይ ሸክም ይጨምራል። ከእንስሳት ሐኪምም የመገጣጠሚያና የልብ ምርመራ ያስደርጉለት።

ዕረፍትን አስቀድመው ያስቀምጡ

መርሐ ግብር ሲያወጡ መጀመሪያ የሚሞላው የዕረፍት ቀን ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው በሥራው ሰዓት ሳይሆን ከሥራው በኋላ በሚያገግምበት ጊዜ ነው። ከከባድ የጉልበት ሥራ በኋላ ያው ጡንቻ እንደገና በደንብ ሳይሠራ 48 ሰዓት ይስጡት። ሙሉ ቁመት፣ ማለትም በውድድር የሚጠየቀውን ከፍታ፣ ከዘለለ በኋላ ያለው ቀንም ሁልጊዜ ዕረፍት ነው።

ዕረፍት ማለት ውሻውን ግቢ ዘግቶ መተው አይደለም። ረዘም ባለ ማሰሪያ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በራሱ ፍጥነት እያሸተተ ይዙር። ይህ ጭንቅላቱን ያሠራዋል፣ ሰውነቱን ያፍታታዋል፣ ትንፋሹን ግን አያስቆርጠውም። ቦርደር ኮሊ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ቀኑን ሙሉ በግ ለማገድ የተዳቀለ ውሻ ስለሆነ ደክሞኛል ብሎ ራሱ አያቆምም። ልኩን የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል።

የሳምንቱ አሠራር

ሰኞ፦ ዕረፍት፣ የማሽተት ሽርሽር ብቻ።

ማክሰኞ፦ የ15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ የ15 ደቂቃ የጉልበት ሥራ።

ረቡዕ፦ የችሎታ ልምምድ፤ የሚዘለሉት አግዳሚዎች ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ. ወደሚሆን ከፍታ ዝቅ ብለው። እያንዳንዱ ሙከራ ከ30 ሰከንድ አይበልጥ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ይረፍ፣ ጠቅላላው ሥራ 10 ደቂቃ ይብቃው።

ሐሙስ፦ የሳምንቱ ረጅሙ ሶምሶማ።

ዓርብ፦ አጠር ያለ የጉልበትና የሚዛን ሥራ፣ 10 ደቂቃ።

ቅዳሜ፦ የማሽተት ሽርሽር።

እሁድ፦ ሙሉ ቁመት። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ እስከ ትከሻው ጫፍ 48 ሴ.ሜ. እና ከዚያ በላይ የሆነ ውሻ በውድድር 55 ወይም 60 ሴ.ሜ. ይዘላል። በልምምድ ግን ሙሉ ቁመት በሳምንት አንዴ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሙሉ ዙር ያልበለጠ ነው።

ቀኖቹን እንደ ሥራዎ ሁኔታ ያዛውሩ። ሁለት ነገር ግን አይፍረስ፤ ከእሁዱ ማግስት ዕረፍት ይሁን፣ በዓርቡ የጉልበት ሥራና በእሁዱ ዝላይ መካከልም አንድ ሙሉ ቀን ይኑር።

ሶምሶማ፦ ሁሉም ነገር የሚታይበት

በሶምሶማ ጊዜ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ ጋር፣ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ ጋር አብረው ይነሣሉ። አራቱም እግሮች ሸክሙን ተራ በተራ እኩል የሚካፈሉበት፣ ውሻው አንዱን እግር ለሌላው መደበቂያ የማያደርግበት አካሄድ ይህ ነው። በሽምጥ የሚሮጥ ውሻ ሕመሙን ይሸፍናል፤ በሶምሶማ አይችልም።

ሰጋር በቅሎን ያስቡ። ቀኝ ፊትና ቀኝ ኋላ አብረው፣ ግራም እንዲሁ። ለበቅሎ ስግሪያ ክብር ነው፣ ዋጋዋንም ይጨምራል። ለሚሠለጥን ውሻ ግን የተለየ ነው። በሶምሶማ የጀመረ ውሻ ድንገት መስገር ካመጣ ወይ ደክሟል፣ ወይ ወገቡን ወይም ዳሌውን አሞታል፣ ወይ ፍጥነትዎ በእርምጃና በሶምሶማ መካከል ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ትንሽ ፍጠኑና እዩት። ካልተስተካከለ የዕለቱ ሥራ በዚያው ያበቃል።

ለ50 ሴ.ሜ. ውሻ ሶምሶማ ሲሆን ሰው ዱብ ዱብ እያለ የሚሮጥበት ፍጥነት ይሆናል። በብስክሌት የሚያስኬዱት ከሆነ ማሰሪያው ከአንገቱ ሳይሆን ከደረት ማሰሪያው ላይ ይያያዝ፤ ትከሻውን አቋርጦ የሚያልፍ ማሰሪያም አይሁን፤ የፊት እግሩን እርምጃ ያሳጥርበታል። መሬቱ አፈር ወይም ሣር ይሁን፤ አስፋልት ለመዳፉም ለመገጣጠሚያውም ይከብዳል።

የሐሙሱ ሶምሶማ በአሥራ ሁለት ሳምንት በደቂቃ እንዲህ ያድጋል፦ 10፣ 12፣ 14፣ ከዚያ ወደ 10 ይመለሳል። 15፣ 17፣ 19፣ ከዚያ 12። 20፣ 22፣ 24፣ ከዚያ 15። በየአራተኛው ሳምንት የሚደረገው ቅናሽ የሰነፍ ሳምንት አይደለም። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ጡንቻው ቀድሞ ጅማቱ ወደኋላ የቀረ ውሻ ጉዳት የሚያገኘው ልክ አሁን ደረሰ ሲሉት ነው። የማክሰኞው ሶምሶማ ከሐሙሱ በልጦ አይገኝ፤ ሐሙሱ ከ15 ደቂቃ በታች በሆነባቸው ሳምንታት ማክሰኞም አብሮ ያጥር።

በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፦ ወይ ጊዜ፣ ወይ ፍጥነት፣ ወይ ሽቅብ። ጊዜ በጨመሩበት ሳምንት ዳገት አያስገቡ።

የጉልበት ሥራ፣ ቤት ባለ ዕቃ

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስድስት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመር ቱቦ፣ አሥራ ሁለት ጡብ፣ አምስት ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ እና የማይንሸራተት ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ. ከፍታ ያለው ሳጥን በቂ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ የሚያንሸራትት ወለል ላይ የተሠራ ጉልበት ብሽሽት ይሰነጥቃል።

*ቁጭ ብድግ።* ውሻው የፊት እግሮቹን ሳያንቀሳቅስ ቁጭ ይላል፣ ሳያንቀሳቅስ ይነሣል። ጉርሻውን አፍንጫው ፊት ለፊት ይያዙ እንጂ ወደ ላይ አያንሡት፤ ጭንቅላቱ ከተነሣ አቋሙ ይበላሻል። አምስት ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና አምስት። በስምንተኛው ሳምንት ስምንት ጊዜ በሦስት ዙር ይደርሳል። ሲቀመጥ አንድ ጉልበቱ ወደ ውጭ ከተከፈተ ያንን ጎን ግድግዳ አስጠግተው ያሠሩት። ግድግዳ ተጠግቶም ከገፋው ጉልበቱን ወይም ዳሌውን ሐኪም ይይለት።

*ወደኋላ መሄድ።* ግድግዳና የተደረደሩ ወንበሮች መካከል ሰውነቱ በሚያልፍበት ስፋት መንገድ ያበጁለት። አምስት እርምጃ፣ ሦስት ጊዜ። በወር ውስጥ አሥር እርምጃ ይደርሳል። ውሻ ወደፊት ሲሄድ ኋላውን ብዙም አያስብም፤ ይህ ሥራ የኋላ እግሮቹ የት እንዳሉ እንዲያውቅ ያደርገዋል፣ ታፋውንም ያጠነክራል።

*ዘንግ መሻገር።* ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ከሁሉም የሚበላሸውም ይኸው ነው። ስድስቱን ቱቦ በውሻው ቁመት ልክ ያራርቁ፤ ለኛው ውሻ 50 ሴ.ሜ. ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት መሬት ላይ ይሁኑ። ከዚያ ጡብ ላይ ያሳርፏቸው፤ ከፍታው ግን ከፊት እግሩ አንጓ አይለፍ። በሶምሶማ፣ ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይለፍ። በሁለት ዘንግ መካከል እግሩን ሁለት ጊዜ ካሳረፈ ርቀቱ ሰፍቷል። እንደ ጥንቸል ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ ካነሣ ወይ ዘንጉ ከፍ ብሏል ወይ ርቀቱ ጠቧል። ሁልጊዜ ያንኑ አንድ እግር ብቻ ዘንጉ ላይ የሚመታ ከሆነ ግን ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም፤ ያ እግር መመርመር አለበት። ቱቦዎቹን ጡቡ ላይ በገመድ አይሰሯቸው፤ ሲነኩ መውደቅ አለባቸው።

*ሳጥንና ፍራሽ።* የፊት እግሮቹን ሳጥኑ ላይ አቁመው ለ10 ሰከንድ ያቆዩት፣ አምስት ጊዜ። ሲለምደው የኋላ እግሮቹን ከፍራሹ ላይ ያቁሙ። ከዚያ መሬት ላይ ቆሞ አንድ አንድ እግሩን በእጅዎ ቀስ ብለው ያንሡ፣ እያንዳንዱን ለአምስት ሰከንድ። አንዱን እግር ሲያነሡበት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ እርስዎ ከተደገፈ፣ ደካማው ያ ያነሡት እግር ሳይሆን መሬት ላይ ከቀሩት አንዱ ሊሆን ይችላል።

ጡንቻው ሲንቀጠቀጥ፣ አቋሙ ሲጣመም ወይም ጉርሻውን ጥሎ ሲሄድ የዕለቱ ሥራ አብቅቷል። ሦስት ትክክለኛ ቁጭ ብድግ ከአሥር ጠማማ ይሻላል፤ ጠማማው አጠማመሙን ያስተምረዋልና።

ማሟሟቅና ማቀዝቀዝ

ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ወደ መሰናክል መግባት ከስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። አራት ደቂቃ እርምጃ፣ ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ በቀኝም በግራም ሦስት ሦስት ጊዜ ክብ መዞር፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዝቅተኛ ዝላይ። ተራው እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ ገላው ቀዝቅዟል፤ ግማሹን እንደገና ይድገሙለት። ማለክለኩ እስኪረግብ ድረስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በእርምጃ ያውርዱት፣ ከዚያ በጉርሻ አፍንጫውን ወደ ጎድኑ፣ ወደ ዳሌው፣ በፊት እግሮቹም መካከል ወደ ታች እየመሩ ቀስ ብለው ያፍታቱት። ይህን ጡንቻው ሙቅ ሳለ እንጂ ቀዝቃዛ ሆኖ አያድርጉት።

ኳስ መወርወር ማሟሟቂያ አይደለም። ውሻው በሽምጥ ሄዶ በፊት እግሮቹ ፍሬን ይይዛል፣ ተጣሞ ይዞራል፣ ይህን ሃያ ጊዜ ይደግመዋል። በሳምንቱ የታቀደውን ሸክም ሁሉ ያፈርሰዋል፤ ደብተሩም ላይ አይጻፍም። መጫወት ካለበት ኳሱን ሣር ውስጥ ደብቀው ያስፈልጉት።

ሙቀት፣ ውሃና ምግብ

ጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ላቡ ከመዳፉ በቀር እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚበርደው በማለክለክ ነው። ስለዚህ አየሩ ርጥብ ከሆነ ሙቀቱ መካከለኛ ቢሆንም ይከብደዋል። በዱባይና በሪያድ በጋ ከንጋት በፊት ካልሆነ ከቤት ውጭ ሶምሶማ አይታሰብም፤ የጉልበቱ ሥራ ግን ቤት ውስጥ ስለሚሆን መርሐ ግብሩ አይቋረጥም። የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ መዳፉም አይችልም። ምላሱ ጫፉ ሰፍቶ በጎን ከተንጠለጠለ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ሥራው ወዲያው ይቁም፤ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱና እያራገቡ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ከ41 ዲግሪ ማለፍ ሕይወቱን ያሰጋል።

ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጣ ውሻ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሶምሶማውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ወደ እንጦጦም በእርምጃ ብቻ ይውጡ።

የምግቡን መጠን በስልክዎ ማስያ ያግኙት። ክብደቱን ሦስት ጊዜ በራሱ ያባዙ (18 × 18 × 18)፣ የስኩዌር ሩት ምልክቱን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፣ በ70 ያባዙ። 612 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይመጣል። በዕረፍት ሳምንት ይህን በ1.6፣ በሥራ ሳምንት በ2 ያባዙት፤ ከ980 እስከ 1,220 መሆኑ ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ በየሁለት ሳምንቱ ጎድኑን ዳስሰው ያስተካክሉ። ጉርሻውም ከዚሁ ይቀነስ፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አይለፍ። ዋናው ምግብ ከሥራው ሦስት ወይም አራት ሰዓት አስቀድሞ ይሰጥ፣ ከሥራው በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ደረተ ጥልቅ ውሾች ሆዳቸው ሞልቶ ሲሮጡ ጨጓራቸው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ውሃ ግን በየመካከሉ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው።

ማቆም ያለብዎት መቼ ነው

ውሻ አያነክስም ማለት አላመመውም ማለት አይደለም። ቀድመው የሚመጡት ምልክቶች የዲሲፕሊን ጉድለት ይመስላሉ። ይዘለው የነበረውን አግዳሚ ይጥላል፣ ከሩቅ ተነሥቶ ይዘላል፣ ከዘንጎቹ መካከል በግማሹ ይወጣል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታጠፍ ብቻ ይሰፋል፣ መኪና ላይ ለመውጣት ያመነታል፣ አንጓውን ይልሳል። እነዚህን በቁጣ ለማረም የሚሞክር ሰው የታመመ ውሻ ላይ ይጮኻል። ከዕረፍት ሲነሣ አነክሶ ሲሟሟቅ የሚተወው ማነከስም እንዲሁ ሕመም ነው፤ ተሻለው ብለው አይቀጥሉ።

እንዲህ ካዩ ሦስት ቀን በማሰሪያ እርምጃ ብቻ። በአራተኛው ቀን በሶምሶማ ቪዲዮ ያንሡትና ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ካለ ሐኪም ጋ ይሂዱ። በቤት ያለ የሰው ማስታገሻ በፍጹም አይስጡት፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያቆስላሉ፣ ፓራሲታሞልም ጉበቱን ይጎዳል።

ካረፈ በኋላ ካቆመበት አይጀምርም። ያረፈው አንድ ሳምንት ከሆነ በአሥራ ሁለቱ ሳምንት የሶምሶማ ዝርዝር ሁለት ሳምንት ወደኋላ ይመለስ። አንድ ወር ከሆነ ከ10 ደቂቃው ሶምሶማ ይጀምር፣ ዘንጎቹም መሬት ላይ ይውረዱ።

የውድድር ሳምንት

ውድድሩ እሁድ ከሆነ የጉልበቱ ሥራ ማክሰኞ ያበቃል፣ እርሱም በግማሽ። ሐሙስ የተለመደው ሶምሶማ ግማሽ ጊዜ። ዓርብ አምስት ስድስት ዝላይ በዝቅተኛ ቁመት፣ ውሻው ገና እየፈለገ ሳለ ያቁሙት። ቅዳሜ ማሽተት። በዚህ ሳምንት አዲስ ምግብ፣ አዲስ ማሰሪያ፣ አዲስ እንቅስቃሴ አይሞከርም። ሁለት ቀን የሚወዳደር ከሆነ ተከታዮቹን ሁለት ቀናት ያሳርፉት፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የልቡን ምት ይቁጠሩ። ከተለመደው ቁጥሩ በግልጽ ከፍ ካለ አንድ ቀን ይጨምሩለት።